የፓርኪንሰንን ፓምፕ በሻንጣ አትላኩ!



ዛሬ ከምክር ጋር ክርክርም ይዤ መጥቻለሁ። ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሱኝ ጥያቄዎች አንድ ነገር ላይ ደጋግመው ያርፋሉ፦ «ዶክተር፣ አባታችን ፓርኪንሰን አለባቸው። አሜሪካ ያለው ወንድማችን ያንን ሆድ ላይ የሚገጠመውን አዲሱን ፓምፕ አግኝቶ በሰው ሊልክልን ነው። ቤት ውስጥ እንዴት ነው የምንገጥምላቸው?»

መልሴ አጭር ነው፦ አትግጠሙላቸው። ወንድማችሁም አይላክ። ምክንያቱን ግን በዝርዝር ልንገራችሁ፤ «አይሆንም» ብሎ ዝም የሚል ሐኪም ቤተሰብን ወደ ባሰ ነገር ይገፋልና።

ለመሆኑ ፓምፑ ምንድን ነው?

ፓርኪንሰን አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚያመርቱ ሴሎች ቀስ በቀስ እያለቁ ሲሄዱ የሚመጣ በሽታ ነው። እንቅስቃሴ ይዘገያል፣ ሰውነት ይገትራል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እርምጃ ያጥራል። ዋናው መድኃኒቱ ሌቮዶፓ ይባላል። አንጎል ውስጥ ሲገባ ወደ ዶፓሚን ይቀየራል። አብሮት የሚሰጠው ካርቢዶፓ ደግሞ ሌቮዶፓው አንጎል ሳይደርስ መንገድ ላይ እንዳይባክን ይከላከላል፤ ማቅለሽለሹንም ይቀንሳል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኪኒኑ ጥሩ ይሠራል። ችግሩ ሌቮዶፓ ደም ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ግማሹ ያልቃል። በሽታው እየገፋ ሲሄድ አንጎል ዶፓሚኑን አጠራቅሞ መያዝ ያቅተዋል። ያኔ ሕመምተኛው ከኪኒን እስከ ኪኒን መኖር ይጀምራሉ። ሲውጡ ይፍታታሉ፣ ሲያልቅ ይደርቃሉ። መጠኑ ሲበዛ ደግሞ ሰውነታቸው ያለ ፈቃዳቸው ይወዛወዛል።

ፓምፑ የተሠራው ለዚህ ደረጃ ነው። ፎስሌቮዶፓ እና ፎስካርቢዶፓ የተባሉ ፈሳሽ መድኃኒቶችን በቀጭን ቱቦ ከቆዳ ሥር 24 ሰዓት ሙሉ ጠብ ጠብ ያደርጋል። ሰውነት ውስጥ ሲገቡ ወደ ሌቮዶፓና ካርቢዶፓ ይቀየራሉ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ቫያሌቭ በሚል ስም ፈቅዶታል፤ እንግሊዝ አገር ፕሮዱኦዶፓ ይባላል።

ይሠራል ወይ? አዎ። ለ12 ሳምንት በተደረገ ጥናት ፓምፕ የተጠቀሙት ሰዎች ያለ አስቸጋሪ መወዛወዝ በደንብ የሚንቀሳቀሱበት ጊዜ በቀን ወደ 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ ጨመረ። ኪኒን የወሰዱት ደግሞ ወደ 1 ሰዓት ገደማ። ራሱ ሸሚዙን መቆለፍ ለማይችል ሰው ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

ግን ስለዚሁ ጥናት የማይወራውን ልጨምር። ፓምፕ ከተጠቀሙት 74 ሰዎች 16ቱ በጎንዮሽ ጉዳት ምክንያት አቋረጡ። ኪኒን ከወሰዱት 67 ሰዎች በዚህ ምክንያት ያቋረጠው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ይህ እንግዲህ የሠለጠነ ባለሙያ በቅርብ እየተከታተላቸው ነው! መድኃኒቱ ጥሩ መድኃኒት ነው። ጠቤ ከሻንጣው ጋር ነው።

ሻንጣው ውስጥ የማይገቡ አራት ነገሮች

1. መጠኑን የሚያሰላው ሐኪም። ፓምፑ ከፋብሪካ ሲወጣ የእናንተን አባት አያውቃቸውም። በሰዓት ስንት ይፍሰስ የሚለው የሚወሰነው በቀን የሚወስዱት ሌቮዶፓ በሙሉ ተደምሮ ነው፤ ከዚያም በቀናትና በሳምንታት ውስጥ እየታየ ይስተካከላል። ከበዛ መወዛወዝ፣ ቅዠት፣ ሲነሱ ግፊት ወርዶ መውደቅ ይመጣል። ካነሰ አልጋ ላይ ይደርቃሉ። «የጎረቤታችን እናት በዚህ ቁጥር ነው የሚጠቀሙት» ብሎ ነገር የለም። ደግሞም የሚንቀጠቀጥ እጅ ሁሉ ፓርኪንሰን አይደለም፤ ፓርኪንሰን ያለበት ሁሉም ፓምፕ አያስፈልገውም።

2. ማቀዝቀዣው። ያልተከፈተው ጠርሙስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት። ከማቀዝቀዣ ከወጣ ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት ቢበዛ 28 ቀን ይቆያል፤ ከዚያ ይጣላል። በሁለት አውሮፕላን ሻንጣ ውስጥ የተጓዘ፣ ጉምሩክ ያደረ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ድሬዳዋ የገባ ጠርሙስ ምን ያህል ሙቀት እንደነካው ማን ይነግራችኋል? መድኃኒቱ መበላሸቱን ዓይታችሁ ላታውቁት ትችላላችሁ።

3. ቆዳውን የሚያይ ነርስ። ቱቦው የሚገባበት ቦታ መቅላት፣ ማበጥና መመርቀዝ በዚህ መድኃኒት የተለመደ ነው። መቅላቱ ተራ ነው ወይስ ኢንፌክሽን? ይህን የሚለይ ሰው ያስፈልጋል። ቦታው በየ3 ቀኑ ይቀየራል ማለት ደግሞ በወር ቢያንስ 10 አዲስ የመግጠሚያ ዕቃ ይፈልጋል ማለት ነው። ወንድማችሁ ስንቱን ልኳል?

4. ነገ። ከሁሉም የምፈራው ይህንን ነው። መድኃኒቱ በየ24 ሰዓቱ የሚቀየር ስለሆነ የተላከው በቀናት ውስጥ ያልቃል። የሚቀጥለው መንገደኛ እስኪገኝስ? ሌቮዶፓ በድንገት ሲቋረጥ ሰውነት እንደ እንጨት ሊደርቅ፣ ትኩሳት ሊወጣ፣ ሰውየው ራሳቸውን ሊስቱ ይችላሉ። ይህ ሕይወት የሚያጠፋ ድንገተኛ ሕመም ነው። መዋጥም ስለሚያቅታቸው ወደ ኪኒኑ መመለስ ራሱ ይከብዳል። ለአሥር ቀን ተስፋ ሰጥቶ በአሥራ አንደኛው ቀን የሚተው ስጦታ ስጦታ አይደለም።

«ምንም ካለማግኘት ጥቂት ይሻላል» የምትሉኝ አላችሁ። ለምግብ እውነት ነው፣ ለልብስም እውነት ነው። ለዚህ መድኃኒት ግን ውሸት ነው።

ውጭ አገር ሆናችሁ ፓምፑ በሐኪም ለታዘዘላችሁ

ዋሽንግተንም ሆነ ለንደን ወላጆቻችሁን የምታስታምሙ ልጆች፣ እናንተን ደግሞ በሌላ ነገር እሞግታለሁ። «ማሽኑ ይሠራል» ብላችሁ አትቀመጡ። ማሽኑ የሚሠራው እናንተ ስትሠሩ ነው።

• ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ቆዳውን እንደተነገራችሁ አጽዱ። ከዚህ መድኃኒት ኢንፌክሽን የሚጠብቃችሁ ዋናው ነገር ይኸው ነው።

• የሚገጠመው በአብዛኛው ሆድ ላይ ነው፤ ከእምብርት ቢያንስ 5 ሳንቲሜትር ይራቅ። ቢዘገይ በ3 ቀን ቦታ ቀይሩ። አዲሱ ቦታ ባለፉት 12 ቀናት ከተጠቀማችሁባቸው ቦታዎች ቢያንስ 2.5 ሳንቲሜትር ይራቅ። ወረቀት ላይ የሆድ ሥዕል ሥላችሁ ቀን ጻፉበት፤ በቃል አትያዙት።

• ጠባሳ፣ የጠጠረ፣ የቀላ ወይም ቀበቶ የሚያርፍበት ቦታ ላይ አትግጠሙ።

• ለመታጠብ ለአጭር ጊዜ ሊፈታ ይችላል። ከ1 ሰዓት በላይ ከተቋረጠ ግን በአዲስ ቱቦ፣ በሌላ ቦታ ይጀመራል። ከ3 ሰዓት በላይ ከሆነ ተጨማሪ የመነሻ መጠን ሊያስፈልግ ስለሚችል ሐኪማችሁ ባዘዘው መሠረት ብቻ አድርጉ። በራሳችሁ ቁጥር አትነካኩ።

• የሌቮዶፓ ኪኒን መጠባበቂያ ሁልጊዜ ቤት ይኑር። ፓምፑ ቢበላሽ ስንት ኪኒን በስንት ሰዓት እንደሚወሰድ አስቀድማችሁ አስጽፉ።

• ቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ ቦታው ከሞቀ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ከመጣ በዚያው ቀን ደውሉ። ፌጦና ቅባት አትሞክሩበት።

እዚህ ላይ ስለ ይሉኝታችን አንድ ነገር ልናገር። እማማ «ሳሎን ውስጥ ሕፃናት ተቀምጠዋል» ማለት ሲጀምሩ ቤተሰቡ ይደነግጣል፣ ሰው እንዳይሰማ ይሸሽጋል፣ ወይም «መንፈስ ነው» ይላል። ጋሼ በድንገት የስፖርት ውርርድ ላይ ገንዘብ መበተን ሲጀምሩ ደግሞ «በእርጅናቸው ተበላሹ» ይባላሉ። ሁለቱም የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት ሊሆኑ ይችላሉ! መጠኑ ሲስተካከል ሊሻላቸው የሚችል ነገር ነው። ለሐኪሙ የደበቃችሁትን ሐኪሙ ሊያክመው አይችልም። ጸሎቱንም ጸበሉንም አልቃወምም፤ የምቃወመው በዚያ ሰበብ ፓምፑን ነቅሎ ማስቀመጥን ነው።

ለጥምቀት ወይም ለሠርግ አገር ቤት ይዛችኋቸው የምትመጡም አላችሁ። ከሳምንታት በፊት ለሐኪማቸው ንገሩ። መድኃኒቱን በእጅ ሻንጣ፣ በማቀዝቀዣ ቦርሳ ያዙ፤ ዕቃ ክፍል አታስገቡት። የሐኪም ደብዳቤ፣ ትርፍ ቱቦ፣ የባትሪ መሙያና የኪኒን መጠባበቂያ አይቅር። መብራት ሲጠፋ የት እንደምትሞሉም አስቡ።

በየትኛውም ድንገተኛ ክፍል ተናገሩ

ይህንን ኪኒን የሚወስዱትም ፓምፕ የሚጠቀሙትም ይያዙት። ፓርኪንሰን ላለበት ሰው ለማስታወክ በተለምዶ የሚሰጠው ፕላዚል፣ ማለትም ሜቶክሎፕራማይድ፣ ዶፓሚንን ስለሚዘጋ በሽታውን ያባብሳል። ለቅዠትና ለመረበሽ የሚሰጡት ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚንም እንዲሁ። ወረፋ ሲበዛና ሌሊት ሲሆን ይህ ሊዘነጋ ይችላል። ስለዚህ «ፓርኪንሰን አለባቸው፤ ፕላዚልና ሃሎፔሪዶል አይሰጣቸው» ብላችሁ ጻፉና መታወቂያቸው ጀርባ አድርጉት። ለመናገር አትፈሩ፤ ጥሩ ሐኪም ያመሰግናችኋል።

«ታዲያ አባታችን ዝም ብለው ይሰቃዩ?»

አይደለም! ያንን የፓምፕ ገንዘብ የት እንደምታውሉት ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ኪኒኑ እንዳይቋረጥ። ሌቮዶፓ ከካርቢዶፓ ጋር የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ የመድኃኒት ዝርዝር ውስጥ ያለ መድኃኒት ነው። ቅንጦት አይደለም። ሆኖም ፋርማሲ ለፋርማሲ ሲፈለግ የሚውልበት ቀን አለ። እኛ ሐኪሞችም እናንተም መጮህ ያለብን ለዚህ ነው። የመጨረሻዋ ፍሬ እስክትቀር አትጠብቁ፤ ሁለት ሳምንት ሲቀር ፍለጋ ጀምሩ። ምርቱ ወይም ጥንካሬው ከተቀየረ ሳትጠይቁ አትቀይሩ።

ሁለተኛ፣ ሰዓት። «ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ» የሚባል ነገር ለፓርኪንሰን አይሠራም። ሐኪሙ ለምሳሌ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ 5 ሰዓት፣ 9 ሰዓትና ከምሽቱ 1 ሰዓት ካለ፣ በዚያው ሰዓት ነው። ስልካችሁ ላይ ደወል ሙሉ። ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት ወይም ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ቆይቶ ቢወሰድ ይመረጣል፤ ሥጋም ሆነ ሽሮ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከሌቮዶፓ ጋር ይሻማል። የደም ማነስ የብረት ኪኒን ካለ በሁለት ሰዓት ይራራቅ። ስለ ጾም ደግሞ የነፍስ አባታችሁን ወይም ሼኻችሁን አማክሩ እንጂ የመድኃኒት ሰዓት አታዛንፉ።

ሦስተኛ፣ ለአንድ ሳምንት መዝግቡ። መቼ ዋጡ፣ መቼ ተፍታቱ፣ መቼ ደረቁ፣ መቼ ተወዛወዙ። ያንን ወረቀት ይዛችሁ የነርቭ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የመጠንና የሰዓት ማስተካከያ ብቻውን ብዙ ሰው ያነሳል። ከሚላከው ብር ለዚህ ጉዞና ለፊዚዮቴራፒ መድቡ።

ፓምፑ ወደ አገራችን ይግባ ወይ? ይግባ! ግን በሠለጠነ ነርስ፣ በማቀዝቀዣ፣ ሌሊት በሚነሳ ስልክና በማይቋረጥ አቅርቦት ታጅቦ በሐኪም ቤት በር ይግባ። እስከዚያው ግን አባታችሁ ላይ አትሞክሩት።

ይህን ጽሑፍ ሻንጣ እያዘጋጀ ላለው ወንድማችሁ ላኩለት። ፍቅሩን አመስግኑት፤ ፓምፑን ትቶ የሦስት ወር ኪኒን ወጪ ይሸፍን። ማንኛውንም ለውጥ ከማድረጋችሁ በፊት የሚከታተላቸውን ሐኪም አማክሩ።

ለወላጆቻችሁ ጤናና ዕድሜ ይስጥልን። ሰላም ሁኑ።