እርሾ ሳይጠበቅ የሚጋገር ቀለበት ዳቦ

ባለፈው ዓርብ አጎታችን ሳይታሰቡ ከሚኤሶ ወደ ጭሮ መጥተው ከቤታችን ገቡ። የጾሙ ሰዓት ሊፈጸም ጥቂት ቀርቶታል፤ መሶቡ ግን ባዶ ነበር፤ ሊጥም አልተቦካም። እንግዳን ጾም አስውሎ ባዶ መሶብ ማቅረብ ምን ያህል እንደሚያሳፍር የቤት እመቤቶች ያውቁታል።

በአሰበ ተፈሪም ሆነ በሂርና፣ በገለምሶም ሆነ በበደሳ እንዲህ ያለ ችግር ሲገጥም እናቶች የማሽላ ቂጣ ይጋግራሉ። ማሽላ በስንዴ ውስጥ ያለው አያያዥ ግሉተን ስለሌለው በቀዝቃዛ ውሃ ሲለወስ ይሰነጣጠቃል፤ በፈላ ውሃ ሲታሽ ግን ስታርቹ ያብጥና ሊጡን ያያይዘዋል። እኛ ይህን ከመጽሐፍ ያገኘነው እናታችን በእጃቸው ሲሠሩት ከኖሩ በኋላ ነው።

በዚያ ቀን ግን ከቤት የተገኘው የስንዴ ዱቄት ብቻ ነበርና ባለቤታችን ቀለበት ዳቦ ለመጋገር አሰቡ። ይህ ዳቦ ከፖላንድ አይሁድ የመጣ ሲሆን ቤግል ይባላል፤ እነርሱ በእርሾ አቡክተው በፈላ ውሃ ከነከሩ በኋላ ይጋግሩታል። በእርሾው ፈንታ ቤኪንግ ፓውደር ሲገባበት ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይደርሳል። በባሕር ማዶ ብዙዎች በእርጎና በእንቁላል ይሠሩታል፤ ለጾም ግን ውሃና ዘይት ይበቃሉ።

ግማሽ ኪሎ ዱቄት፣ 4 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨውና 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይደባለቃሉ፤ 300 ሚሊ ሊትር ያህል ለብ ያለ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመራል። በዝቅተኛ ስፍራ ቤኪንግ ፓውደሩ 5 ማንኪያ ይሆናል፤ እንደ ጭሮ ባለ ከፍታ ግን የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነውና ዳቦው ቶሎ ተነፍቶ ይሟሽሻል።

ሊጡ ለ8 ተከፍሎ እንደ ጣት ይድበለበላል፤ ጫፎቹም በእርጥብ ጣት ይጋጠማሉ። ቀዳዳው ለጌጥ አይደለም፤ እሳቱ በመካከል እንዲደርስ ነው። ከዚያም በለሰለሰ እሳት በምጣድ ላይ ተጥሎ፣ ጥቂት ውሃ ተረጭቶበት፣ ይከደናል፤ እያንዳንዱ ገጽ 10 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል።

የመጀመሪያው ምጣድ ግን ደረቀብን። ጥፋቱም የእኛ ነው፤ በእርሾ ልማድ ሊጡ ይረፍ ብለን አስቀመጥነው። ቤኪንግ ፓውደር ግን ውሃ እንደ ነካው አየሩን መልቀቅ ይጀምራልና ሳይዘገይ መጋገር አለበት። ሁለተኛውን አጎታችን በሽሮ በሉት። ለማግሥት የተረፈው ጠነከረ፤ ልጆቹም በሻይ እየነከሩ ጨረሱት።