ማገሩን እንጨት አታድርጉብን

ኮልፌ አጠና ተራ ሄዶ «እንጨት ስጡኝ» የሚል ሰው ቢኖር፣ መጀመሪያ የሚገጥመው ጥያቄ ነው፤ ለቋሚ ነው? ለወራጅ ነው? ወይስ ለማገር? ሁሉም ባሕር ዛፍ ነው፤ ነገር ግን ስሙ ሥራውን፣ ሥራው ደግሞ ውፍረቱንና ቁመቱን ይናገራል። ሻጭና ገዢ ቃሉን ስለሚጋሩ ቤቱ ገና ሳይቆም ይግባባሉ። እንግዲህ «የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ሕንፃ ንድፍ ምን አገባቸው?» የሚል አንባቢ ቢኖር፣ መልሳችን ከዚሁ ይነሣል፤ ጉዳዩ የቃልና የትርጉም ጉዳይ ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኮልፌ ቀራንዮ በምንኖርበት ሰፈር ነዋሪው ገንዘብ አዋጥቶ ለተማሪዎች አንድ የንባብ ቤት ሊያሠራ ተስማማ። አንድ ባለሙያ ንድፉን በአርኪካድ አዘጋጀ፤ እሱ ወደ ሌላ ሥራ ሲሄድ የተረከበው ሰው ግን የሚሠራው በሬቪት ነበረ። ፋይሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ለዓይን ደህና መሰለ። ሲነካ ግን ግድግዳው ግድግዳነቱን ረስቶ ድፍን ቅርጽ ሆኖ ተገኘ፤ ደረጃው በትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች ተሰባበረ፤ የክፍሎቹ የአማርኛ ስሞች በጥያቄ ምልክት ተተኩ። እኛም የተጠራነው ስሞቹን መልሰን እንድንጽፍ ነበር።

የጠፋው ግን ስም ብቻ አልነበረም። ኮምፒውተሩ ግድግዳ መሆኑን ያልተነገረውን ነገር ከግድግዳ ጋራ አይቈጥረውም፤ ስለዚህ የብሎኬቱና የልስኑ ልክ ጐድሎ ወጣ። በጊዜው ባይታወቅ ኖሮ ከየቤቱ የተዋጣው ገንዘብ አልበቃ ብሎ ሥራው ከመሀል በቆመ ነበር።

ይህ የአንድ ሰው ስንፍና አይደለም። አርኪካድን ያወጣው በ1982 በሀንጋሪ የተቋቋመው ግራፊሶፍት ነው፤ ሬቪት በ2000 በአሜሪካ ወጥቶ በ2002 በአውቶዴስክ ተገዛ (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። ሁለቱም ግድግዳን የሚያውቁት እንደ ተራ መሥመር ሳይሆን ውፍረት፣ ቁመትና የተሠራበት ዕቃ እንዳለው አካል ነው። ሆኖም እያንዳንዱ የሚጽፈው በየራሱ ሰዋስው ነው። በርና መስኮት ከግድግዳው ጋራ ያላቸውን ዝምድና አንዱ የሚያስርበት መንገድ ለሌላው አይገባውም። ስለዚህ አስታራቂ ቋንቋ አስፈለገ። አይ ኤፍ ሲ የሚባለው ይህ ነው፤ ዝግጅቱ በ1990ዎቹ ተጀምሮ በ2013 አይ ኤስ ኦ 16739 በሚል ቍጥር ዓለም አቀፍ ደንብ ሆነ። በአይ ኤፍ ሲ ግድግዳ በግድግዳነቱ፣ በርም በበርነቱ ይጻፋል። ላኪው ምድቡን በትክክል ሳይለይ ሲቀር ግን ዕቃው «ፕሮክሲ» በሚል የወል ስም ያልፋል፤ ማገሩ እንጨት ሆነ ማለት ነው።

የእኛ ፊደል ይህን መከራ አስቀድሞ አይቶታል። የቀድሞዎቹ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ለ«ሀ» እና ለ«ለ» የየራሳቸውን ቍጥር ይሰጡ ስለ ነበር፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ የግዕዝ ፊደል በዓለም ሁሉ የታወቀ ቋሚ ቦታ አገኘ። ዛሬ ከኮልፌ የተላከ የአማርኛ መልእክት ዋሽንግተን ላይ ያለ ችግር የሚነበበው ስለዚህ ነው። ጐድሎ የነበረው ዕውቀት አልነበረም፤ ስምምነት ነበረ። ታዲያ ለፊደል የሠራ ስምምነት ለሕንፃ አይሠራምን?

«ሁሉም በአንድ ፕሮግራም ቢሠራ ነገሩ ያልቃል» የሚሉ አሉ። ይህ መፍትሔ ሳይሆን ጥገኝነት ነው። አውቶዴስክ በ2016 የዘላለም ፈቃድ መሸጡን ትቶ ወደ ኪራይ ዞረ፤ ኪራዩን መክፈል ያቃተው ሰው የገዛ ሥራውን ማረም ይሳነዋል። ሕንፃ ግን ሃምሳ ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል፤ ይታደሳል፣ ይቀጠላል። የሕዝብ ገንዘብ የፈሰሰበት ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ንድፉ በባዕድ ቍልፍ ተዘግቶ ሲቀመጥ ዝም ልንል ይገባናልን?

እርግጥ አይ ኤፍ ሲ ሁሉን አያሻግርም። በውስጡ የሚያልፈው ሞዴል ለማንበብ፣ ለመቍጠርና ለማመሳከር እንጂ እንደ ዋናው ሆኖ ለማረም ብዙ ጊዜ አይመችም። ትርጉም መቼም ትርጉም ነው፤ ዋናውን አያስጥልም። የምንለው ዋናው ፋይል ይቅር ሳይሆን ሁለቱ አብረው ይሰጡ ነው።

ስለዚህ በኪነ ሕንፃና በምሕንድስና ትምህርት ላይ ላላችሁ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የምናሳስበው ይህን ነው። አንደኛ፣ ሥራው ሊያልቅ ሲል ሳይሆን ሲጀመር አንድ ግድግዳ፣ አንድ በርና አንድ ደረጃ ብቻ አሻግራችሁ ሞክሩ። ሁለተኛ፣ መለኪያው ሚሊ ሜትር ይሁን ሜትር፣ የመነሻ ነጥቡም የት እንደ ሆነ በጽሑፍ ተስማሙ። የከተማችን ካርታ ወደ ሰሜን የሚቈጥረው ከምድር ወገብ ነው፤ አዲስ አበባ ከዚያ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ሞዴሉ ከመነሻው በዚህ ልክ ርቆ ሲቀመጥ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች መሥመሩን ያዛባሉ። ሦስተኛ፣ የበሩን፣ የመስኮቱንና የግድግዳውን ቍጥር በላኪውም በተቀባዩም ዘንድ ቍጠሩ፤ ካልተስማማ አትረከቡ። አራተኛ፣ የክፍል ስሞችን በዩኒኮድ አማርኛ ጻፉ። ለመሞከሪያ ፍሪካድን የመሰሉ በነጻ የሚገኙ ፕሮግራሞች አይ ኤፍ ሲን ይከፍታሉ፤ ስለዚህ የገንዘብ ማጣት ምክንያት አይሆንም።

በመንግሥትም ሆነ በሕዝብ መዋጮ የሚሠራ ሕንፃ ውል ሲጻፍ ደግሞ «ዋናው ፋይልና የአይ ኤፍ ሲ ቅጂው ለባለቤቱ ይሰጣል» የሚል አንድ መሥመር ይጨመርበት። መሥመሩ አጭር ነው፤ ሳይጻፍ ሲቀር ግን ዕዳውን የሚከፍለው ጡረተኛውና የጕልት ነጋዴዋ ናቸው። የንባብ ቤታችን ስሞች ተመልሰው ተጽፈዋል፤ ግድግዳውም እንደ ገና ተቈጥሯል። ሁለተኛ ሥራ የበላው ጊዜ ግን አልተመለሰም።