ስልክ ሠሪ መነጽር ይሥራ ወይስ ይቅርበት?

አንባቢዎቼ ሆይ፤ በስልክ ሥራ ስሙ የገነነ ኩባንያ ቨርቹዋል ሪያሊቲ ወደሚባለው ገበያ ቢገባ ይበጀዋልን? ነገሩን ላልሰማ ሰው ባጭሩ ልንገረው። ይህ በራስ ላይ የሚታሰር መነጽር ነው። ለግራና ለቀኝ ዓይን ጥቂት የሚለያይ ሥዕል ስለሚያሳይ፤ ራስ ሲዞርም ሥዕሉ አብሮ ስለሚዞር፤ ወንበራችሁ ላይ ሳላችሁ ሌላ አገር የቆማችሁ ይመስላችኋል።

ብዙዎች «ይግባ እንጂ! ስክሪኑም ባትሪውም በእጁ አይደለምን?» ይላሉ። ግማሽ እውነት ነው።

ሳምሰንግ ይህንኑ አስቦ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 ጊር ቪአር የተባለውን መነጽር በ99 ዶላር አወጣ። መነጽሩ ባዶ ቤት ነበር፤ ገዢው የገዛ ስልኩን ከፊቱ ይሰካበታል። አዲስ ስልክ አስቀድሞ ላዘዘ ሰው በነጻ የታደለበትም ጊዜ ነበርና በብዙ ሰው እጅ ገባ። ነገር ግን እጅ መግባትና መለመድ ለየቅል ናቸው። ስልኩ ይግላል፤ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። የራስን መዞር ያውቃል እንጂ ሰውየው አንድ እርምጃ ቢራመድ አያውቅም፤ ዓይንና ሰውነት ስለማይስማሙም አንዳንዱን ሰው ያጥወለውለዋል። ደግሞስ መነጽር ውስጥ የገባ ስልክ ምን ስልክ ነው? በ2019 የወጡት የሳምሰንግ ኖት 10 ስልኮች ከዚህ መነጽር ጋር አልሠሩም። ጉግልም ዴይድሪም ያለውን የራሱን በዚያው ዓመት ተወው።

እኔን የበለጠ የሚያሳዝነኝ የታይዋኑ ኤችቲሲ ነው። በ2008 የመጀመሪያውን የአንድሮይድ ስልክ ለገበያ ያቀረበ እርሱ ነበር። የስልኩ ገበያ ከእጁ ሲያመልጥ፤ ከቫልቭ ጋር ተባብሮ በ2016 ቫይቭ የተባለውን መነጽር በ799 ዶላር አወጣ። ሥራው ግሩም ነበር፤ ሰው በክፍሉ ውስጥ እየተራመደ ያይበታል። ሆኖም ኃይለኛ ኮምፒዩተር ለብቻው መግዛት ግድ ስለነበረ ገዢው ጥቂት ሆነ። በ2017 ኩባንያው ከስልክ መሐንዲሶቹ ከፊሎቹን ለጉግል በ1.1 ቢሊዮን ዶላር ለማስረከብ ተዋዋለ። በ2025 ደግሞ ከመነጽሩ ሠራተኞች ከፊሎቹን ለዚያው ለጉግል በ250 ሚሊዮን ዶላር ለመስጠት ተስማማ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ አይደለምን?

እንግዲህ የኔ አሳብ ይህ ነው፤ የስልኩ ንግድ ስለ ከሠረ ብቻ መሸሻ ፈልጎ የሚመጣ አይግባ። ይህ ገበያ ገንዘብ የሚበላ ነው፤ ሜታ እንኳ ይህን ሥራ በያዘው ክፍሉ በ2024 ብቻ ከ17 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከሥሯል። ከሌላ ንግድ በሚያገኘው ትርፍ ዓመታት ሊታገሥ የሚችል ግን ይግባ።

መግባቱ ብቻም አይበቃ፤ ስልክ ሰው ከቤቱ ሲወጣ ረስቶት ቢሄድ ከመንገድ የሚመልሰው ዕቃ ነው፤ ለመነጽር ሲል ከመንገድ የሚመለስ ሰው ግን ገና አላየሁም። አፕል በ2024 ያወጣው ቪዥን ፕሮ ዋጋው 3,499 ዶላር፤ ክብደቱም ባትሪው ሳይቆጠር 600 ግራም ያህል ነበር። ይህን ግንባሩ ላይ አሥሮ ማን ይውላል? እኔ አስተማሪ ነኝና፤ ደም በልብ ውስጥ እንዴት እንደሚዞር በጠመኔ ሥዬ ሳስረዳ እንዲህ ያለው መነጽር ምንኛ በጠቀመኝ እላለሁ። ግን ለአርባ ደቂቃ ትምህርት ነው እንጂ ለውሎ አይደለም። ሳምሰንግ በ2025 ጋላክሲ ኤክስአር የተባለውን፤ ስልክ የማይሰካበትን መነጽር በ1,799 ዶላር ይዞ ተመልሷል። ከሜሞሪና ከቴሌቪዥን ንግዱ የሚያገኘው ስላለው ሊታገሥ ይችላል፤ ዋጋው ግን ለጀማሪ ጸሐፊ ደመወዝ ገና ሩቅ ነው።