ሰዓቱ ያልታወቀ ዋጋ ዋጋ አይደለም

ዛሬ ስለ ዋጋ ሳይሆን ዋጋው ስለተያዘበት ሰዓት ነው የምንነጋገረው።

በየግሩፑ «ቡና 3:00 ላይ ይህን ያህል ገባ» የሚል መልእክት ይዞራል። የቱ 3:00? አታት ላለ ገበሬ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ስልኩን በፈረንጅ ሰዓት ለሞላ ነጋዴ ከቀኑ 9 ሰዓት ሊሆን ይችላል። የኒውዮርክ ሰዓት ነው ከተባለ ደግሞ ጭራሽ ገበያው ዝግ ነው።

ቀኑም ያው ነው። 01/07/2017 ለእኛ መጋቢት 1 ነው፣ በፈረንጆቹ ማርች 10 ቀን 2025። ኮምፒውተሩ ግን ጁላይ 2017 ብሎ ሊያነበው ይችላል።

የኒውዮርክ አረቢካ ገበያ በእነሱ በጋ በእኛ ከረፋዱ 5:15 ተከፍቶ ከምሽቱ 2:30 ይዘጋል። በክረምታቸው 6:15 ተከፍቶ 3:30 ይዘጋል። እኛ ሰዓት አንቀይርም፤ እነሱ በማርች ሁለተኛ እሁድና በኖቬምበር የመጀመሪያ እሁድ ይቀይራሉ። ለንደን የምትቀይረው ደግሞ በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሁድ ነው። «ሁሌም 7 ሰዓት ደምር» ተብሎ የተሠራ ሰንጠረዥ በክረምታቸው በአንድ ሰዓት ይሳሳታል ማለት ነው።

አንድ ሰዓት ምን አላት እንዳትሉ። አንድ ኮንቴይነር 320 ባለ 60 ኪሎ ከረጢት፣ ማለትም 19.2 ቶን ይይዛል። ዋጋው በፓውንድ 10 ሳንቲም ከተንቀሳቀሰ ልዩነቱ ከ4,200 ዶላር በላይ ነው። አሮጌውን ዋጋ እንደ አዲስ ይዞ የተስማማ ዩኒየን ይህን ከአባላቱ ኪስ ነው የሚከፍለው።

አንዳንዶች «ገበሬው የፈረንጅ ሰዓት ይልመድ» ይላሉ። አልስማማም። ጥፋቱ የሀበሻ ሰዓት አይደለም፣ የማን ሰዓት እንደሆነ አለመጻፉ ነው። ሸክሙ የሶፍትዌሩ ይሁን። ውስጡ በአንድ የዓለም ሰዓት (ዩቲሲ) ይመዝግብ፣ ለሰው ሲያሳይ በየሰው አቆጣጠር ይመንዝር። ኔትወርክ ሲጠፋ መረጃ ዘግይቶ ስለሚደርስ፣ የተለካበትንም የደረሰበትንም ሰዓት ለየብቻ ይያዝ። የሚዛኑና የእርጥበት መለኪያው ሰዓትም በየጊዜው ይታይ፤ የውስጥ ባትሪው ሲሞት ቀኑ ዓመታት ወደኋላ ሊመለስ ይችላል።

እኛስ? ከወልቂጤም ሆነ ከቡታጅራ የበርበሬ ዋጋ ስትልኩ ቀኑን፣ ጠዋት ወይም ማታ መሆኑን፣ የማን ሰዓት እንደሆነ ጨምሩ። ፎርዋርድ የተደረገ መልእክት ላይ የምታዩት ሰዓት መልእክቱ የተላከበት እንጂ ዋጋው የተያዘበት አይደለም። ሰዓት የሌለው ዋጋ ከደረሳችሁ መጀመሪያ «መቼ?» በሉ፣ ከዚያ «ስንት?»።