ካሳው በኪሎ፣ ኪሳራው በቀሚስ

ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ የምንሸጥ ሰዎች ዛሬ ዋናው ገበያችን የሱቃችን በር ላይ አይደለም። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ዳላስ ነው፣ ሚኒያፖሊስ ነው፣ ቶሮንቶና ለንደን ነው። እዚያ ያሉ ልጆቻችን በስልክ ያዛሉ። ጥለቱን በፎቶ ይመርጣሉ፣ የደረትና የቁመት ልካቸውን ይልካሉ፣ ገንዘቡን ያስገባሉ። እኛ እናሸምናለን፣ እናሰፋለን፣ አሽገን እንልካለን። ስንት ሸማኔ፣ ስንት ፈታይ፣ ስንት ጥልፍ ሠሪ በዚህ ይተዳደራል። እኔም ልጆቼን ያሳደግኩት በዚሁ ሥራ ነው። ይህን ንግድ ከክር ዋጋም ከኪራይም በላይ የሚጎዳው ግን ዕቃው መንገድ ላይ ሲቀር ወይም የማይመለከተው ሰው በር ላይ ሲጣል፣ ኪሳራው ሁልጊዜ ልብሱን ባሠራው ሰው ላይ መውደቁ ነው። የተሳሳተው አይከፍልም፣ ያጓጓዘው አይከፍልም፣ እኛ እንከፍላለን። ይህ አሠራር ልክ አይደለም፤ ሊስተካከልም ይችላል ብዬ አምናለሁ።

በአንድ ቀሚስ ላስረዳ። ሜሪላንድ የምትኖር አንዲት ሙሽራ ለመልሷ አዘዘችኝ። ጨርቁ መነን ነው፤ ጥለቱ ወርቃማና ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ከደረቷ እስከ እግሯ የሚወርድ፣ ያው ጥለት በሙሽራው ሸሚዝ አንገትና እጅጌ ላይ የሚደገም፣ ለሁለቱም እናቶች ደግሞ ነጠላ። የሸመነልኝ ጋሼ የዶርዜ ሰው ናቸው፤ እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ አድርገው፣ መወርወሪያውን ከግራ ቀኝ እያሳለፉ፣ የጥለቱን አንዳንዷን ክር በጣታቸው እየቆጠሩ የሚሠሩ። ለዚህ ልብስ ሳምንታት ተቀምጠዋል። እንዲህ ያለ ቀሚስ በሙሽራዋ ልክ ከተሰፋ በኋላ ሌላ ገዢ የለውም። ቢመለስልኝ እንኳ ለማን እሸጠዋለሁ?

ልብሱን ለአንድ ላኪ ድርጅት ሰጠሁ። አድራሻዋን በእጄ ጽፌ፣ የቤቷን ቁጥር 403 ብዬ፣ ስልኳንም ጨምሬ። ወረቀቱን የተቀበለኝ ልጅ ኮምፒውተሩ ላይ ገለበጠው፣ አተመው፣ ካርቶኑ ላይ ለጠፈው። ከፈልኩ፣ ወጣሁ።

ከዚያ አንድ ቀን ሙሽራዋ ደወለች። «እትዬ፣ ደርሷል ይለኛል፤ እኔ ግን ምንም አላገኘሁም» አለችኝ። አድራሹ ያነሣውን ፎቶ ላከችልኝ። ግራጫ በር፣ ደፉ ላይ የኔ ካርቶን፣ አጠገቡ የሕፃን ቦት ጫማ፣ በሩ ላይ 304 የሚል ቁጥር። «ይህ የኔ በር አይደለም፤ እኔ ልጅም የለኝም» አለች። ቅጂዬን አውጥቼ አየሁ፤ የኔ ጽሑፍ 403 ይላል። ካርቶኑ ላይ የተለጠፈው ግን 304 ይላል። ሲገለብጥ አራትና ሦስት ቦታ ተለዋውጠዋል፤ ሌላ ምንም አልተፈጠረም። ሙሽራዋ ታች ወርዳ የዚያን ቤት በር አንኳኳች፤ የወጣው ሰው ምንም አላየሁም አላት። እኔ ሁለቱን ወረቀቶች ይዤ ድርጅቱ ዘንድ ሄድኩ። ልጁ ክፉ ልጅ አይደለም፤ በትሕትና ነው የመለሰልኝ። «ማዘር፣ ሲስተሙ ደርሷል ነው የሚለው። ከኛ ወጥቷል።»

ሙሽራዋ በመልሷ ቀን የአክስቷን ልጅ ቀሚስ ተውሳ ለበሰች። ገንዘቧን መለስኩላት። ጋሼ የድካማቸውን ወስደዋል፤ ሊወስዱም ይገባል፣ እሳቸው ምን አጠፉ? የቀረው ኪሳራ የኔ ሆነ።

እኔ የማዝነው በልጁ መሳሳት አይደለም። ሰው ሲገለብጥ ይሳሳታል። የማዝነው ስሕተቱ የሚያዝበት መንገድ እያለ ማንም ስለማይጠቀምበት ነው። መንገዱ እንዳለ ያስረዳኝ ሒሳብ የሚያስተምር የእኅቴ ልጅ ነው። በዓለም አቀፍ ፖስታ የሚሄድ ጥቅል ወይም የአደራ ዕቃ መከታተያ ቁጥሩ 13 ምልክት አለው፦ መጀመሪያ ሁለት የላቲን ፊደል፣ ቀጥሎ 9 አሃዝ፣ መጨረሻ ላይ የተላከበትን አገር የሚነግሩ ሁለት ፊደሎች፤ ከእኛ አገር ሲነሣ ኢ እና ቲ ናቸው። ከ9ኙ አሃዝ የመጨረሻዋ እንዲሁ የተቀመጠች አይደለችም። ከፊቷ ያሉት 8ቱ እያንዳንዳቸው በተመደበላቸው ቁጥር ይባዛሉ፣ ይደመራሉ፣ ድምሩ ለ11 ይካፈላል፣ ከሚተርፈው እሷ ትወጣለች። ስለዚህ አንድ ሰው ሲጽፍ ሁለት አሃዝ ቢያገላብጥ ሒሳቡ አይገጥምም፤ ማሽኑ አብዛኛውን ጊዜ «ይህ ቁጥር የለም» ይላል። ለካርቶኑ ቁጥር ይህን ያህል ተጠንቅቀዋል። የሰውየው በር ቁጥር ግን እንዲህ ያለ ጠባቂ የለውም። 403 በር ነው፣ 304ም በር ነው፤ ማሽኑ ሁለቱንም ይቀበላል።

እንግዲህ ማሽኑ ካላወቀ ሰው ማወቅ አለበት። ተቀባዩ ሠራተኛ የገለበጠውን አድራሻ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለላኪው ያንብብ፤ ላኪው ከራሱ ወረቀት ጋር አስተያይቶ የታተመው ላይ ይፈርም። የሚፈጀው አንድ ደቂቃ ነው። ባንክ ስንሄድ የሒሳብ ቁጥርና ስም ሳያመሳክር ገንዘብ የሚያስገባልን ገንዘብ ተቀባይ የለም፤ አንድ የሠርግ ቀሚስ የሚያወጣውን ብር ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። እኔ አሁን ካርቶኑ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ፎቶ አንሥቼ ለደንበኛዋ ሳልልክና «ልክ ነው» ሳትለኝ ከሱቁ አልወጣም። ይህ ግን የኔ ሥራ መሆን አልነበረበትም። ክፍያውን የተቀበለው ድርጅት ሊሠራው ይገባ ነበር።

ወደ ካሳው ልምጣ። ዕቃ በአውሮፕላን ሲጓዝ የአየር መንገዶችን ተጠያቂነት የሚወስነው የሞንትሪያል ስምምነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የተፈረመ። በዚያ ስምምነት መሠረት ላኪው የዕቃውን ዋጋ አስቀድሞ አስመዝግቦ ተጨማሪ ካልከፈለ በስተቀር የጠፋ ዕቃ ካሳ በኪሎ ይገደባል። ብዙ ላኪ ድርጅቶችም በውላቸው ውስጥ በደቃቅ ጽሑፍ የሚያስቀምጡት ይህንኑ ነው፦ ካሳ በክብደት። ለብረት፣ ለቡና፣ ለመለዋወጫ ዕቃ ይህ ያስኬድ ይሆናል። ለኛ ግን አያስኬድም። መነን ቀላል ነው፤ ጥራቱም ቅለቱ ነው። ከዚያ የሠርግ ቀሚስ ይልቅ አንድ ጋቢ ብዙ ጊዜ ይከብዳል፤ በዋጋ ግን የሚወዳደር አይደለም። እና ጋቢ የጠፋበት ሰው ቀሚስ ከጠፋበት የበለጠ ይካሳል ማለት ነው። ዋጋ ማስመዝገብ እንደሚቻል ደግሞ መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ ካልነገረን ከየት እናውቃለን? እኔን ማንም አልነገረኝም። እዚህ ገበያ የማውቃቸው ሴቶችም አብዛኞቹ አልሰሙም። ሕጉ የሰጠንን ነገር ያስቀረብን ዝምታ ነው።

በፖስታ ስንልክም መብት አለን። ኢትዮጵያ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1886 ዓ.ም ፖስታ አቋቁማ በ1901 ዓ.ም የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆናለች። አባል መሆን ለኛ ለተራ ላኪዎች የሚያስገኘው ትልቁ ነገር የት ገባ ብሎ መጠየቅ ነው። በኅብረቱ ሕግ ላኪ ዕቃው ከተሰጠበት ማግሥት ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ የፍለጋ ጥያቄ ማቅረብ ይችላል፤ የላከው አገር ፖስታም የተቀባዩን አገር ፖስታ ይጠይቃል። ካሳ ካለም በቅድሚያ የሚከፈለው ለላኪው ነው፤ ላኪው መብቱን በጽሑፍ ከተወለት ለተቀባዩ። ሰው ግን ይህን የሚሰማው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። ደንበኛዋ እዚያ ሆና ትደውላለች፣ «ላኪሽ ይጠይቅ» ይሏታል፤ እኔ እዚህ እጠይቃለሁ፣ «ተቀባይዋ እዚያ ትጠይቅ» ይሉኛል። በመካከል ወራቱ ያልቃሉ።

አሜሪካ ላሉ ደንበኞቻችንም የምነግራቸው አለ። ዕቃው በአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት በኩል «ደርሷል» ተብሎ እጃችሁ ካልገባ ቀን አትቁጠሩ፤ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ሰፈራችሁ ወዳለው ፖስታ ቤት ሂዱ። አድራሹ የሚይዘው መቃኛ ካርቶኑን ያነበበበትን ቦታ በጂፒኤስ ይመዘግባል፤ ሠራተኞቹ አይተው የት በር ላይ እንደተቀመጠ ሊነግሯችሁ ይችላሉ። አድራሹም ገና ያስታውሳል። ሳምንት ካለፈ አያስታውስም። የአፓርትመንት ቁጥራችሁን ደግሞ፣ እባካችሁ፣ «እንደ ባለፈው ነው» አትበሉን። ቤት ትቀይራላችሁ፤ የልብስ ልክ እንደምትልኩ ሁሉ አድራሻውንም በየጊዜው ሙሉውን ጻፉት። የሰው ዕቃ በራችሁ ላይ ስታገኙ ደግሞ ስሙን አይታችሁ ለባለቤቱ ወይም ለፖስታው መልሱ። በሌላ ሰው ስም የተላከ ፖስታ ወስዶ መክፈት እዚያ አገር ወንጀል ነው፤ ከሕጉም በፊት ግን አንዲት ሙሽራ እየጠበቀችው ሊሆን ይችላል።

ብዙ ሰው በዚህ ሁሉ ተማርሮ ወደ ድሮው ዘዴ ተመልሷል፤ በሰው እጅ መላክ። መንገደኛ ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ይዞ ይሄዳል፣ ከዚያ ላይ ቦታ ይለመናል ወይም ይከፈልበታል። ለእናት የሚላክ በርበሬና ሽሮ እንዲህ መሄዱን አልጠላም፤ ፍቅርም አለበት። ለንግድ ግን አይሆንም። መንገደኛው ደረሰኝ አይሰጥም፣ ሻንጣው ቢዘገይ ማንን ትጠይቃለህ? ሰውየውንስ ላላየው ዕቃ በጉምሩክ ፊት ማቆም ተገቢ ነው? እኛ ገበያችንን በሰው ውለታ ላይ መሥርተን ልናሳድገው አንችልም።

ነገሩ አሁን ይበልጥ አጣዳፊ ሆኗል። ከዚህ በፊት ዋጋው ከ800 ዶላር ያልበለጠ ዕቃ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር። ከነሐሴ 23 ቀን 2017 ዓ.ም ጀምሮ ይህ ተነሥቷል። ድሮ አንድ ቀሚስ ቢጠፋ ሌላ አሠርተን፣ የመላኪያ ከፍለን ደንበኛችንን እናስደስት ነበር። አሁን በምትክነት የሚላከውም ቀረጥ ይጠየቅበታል። በአንድ የተገላበጠ ቁጥር ምክንያት ሸማኔው ሁለቴ ይለፋል፣ እኔ ሁለቴ እከፍላለሁ፣ ቀረጡ ሁለቴ ይታሰባል። ትርፋችን ይህን አይችልም። አንዳንድ ጓደኞቼ ከውጭ ትእዛዝ መቀበል ትተዋል፤ ሥራው የቀነሰባቸውም መጀመሪያ ሸማኔዎቹ ናቸው።

ስለዚህ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ፖስታውም ሆነ የግል ላኪ ድርጅቶች በሚሰጡን ደረሰኝ ላይ በአማርኛ፣ ያለ መነጽር በሚነበብ ፊደል ይህ ይጻፍ፦ ዕቃህ ካልደረሰ የምትጠይቀው አንተ ላኪው ነህ፤ የምትጠይቀው በዚህ መስኮት ነው፤ እስከዚህ ቀን ድረስ ነው፤ ዋጋውን ማስመዝገብ ከፈለግህ ክፍያው ይህን ያህል ነው። የፍለጋ ማመልከቻው ፎርም መስኮቱ ላይ ይቀመጥ። የገለበጠው ድርጅት ራሱ መሆኑ በሁለት ወረቀት ከተረጋገጠ ደግሞ ካሳው በኪሎ ሳይሆን ልብሱ በተሸጠበት ደረሰኝ ይታሰብ። በሁለቱ ወረቀቶች መካከል ያለውን ልዩነት የፈጠርኩት እኔ አይደለሁም፤ ዋጋውም ከኔ መጠየቅ የለበትም።