የቪዲዮ ጌም ሙዚቃ ጌጥ አይደለም

አዲስ የኪነ ጥበብ ዘርፍ በተወለደ ቁጥር ሁለት ስሕተቶች አብረውት ይወለዳሉ። አንደኛው ዘርፉን «የልጆች ማታለያ ነው» ብሎ ከጥበብ ቁጥር ማውጣት ሲሆን፣ ሁለተኛው እንደ መጣ ያለ ምርመራ መቀበል ነው። ሲኒማ ይህን ፈተና አልፏል። ዛሬ ተራው የቪዲዮ ጌም ነው፤ በቪዲዮ ጌም ውስጥም ከሁሉ ይበልጥ የተዘነጋው ሙዚቃው ነው።

ከቦሌ መድኃኔዓለም ወደ ሃያ ሁለት በሚወስደው አቅጣጫ በሚገኘው በአትላስ አካባቢ፣ እንደ ሌሎቹ የአዲስ አበባ ሠፈሮች ሁሉ፣ ወጣቶች ከሚውሉባቸው ሥፍራዎች አንዱ ጌም ቤት ነው። ወጣቱ እየከፈለ በፕሌይስቴሽን እግር ኳስ ይጫወታል፤ ብዙውን ጊዜም የጌሙ ድምፅ ተዘግቶ በድምፅ ማጉያ ሌላ ዘፈን ይለቀቃል። ከዚህ በመነሣት «የጌም ሙዚቃ ማንም የማያዳምጠው ጌጥ ነው» የሚል አስተያየት ይሰነዘራል። ይህ አስተያየት ከጌም ቤቱ ወደ ሠሪው ጠረጴዛ ሲሻገር ደግሞ «ሥዕሉና ፕሮግራሙ ይለቅ፣ ሙዚቃው በመጨረሻ ከኢንተርኔት ተገዝቶ ይለጠፋል» ወደሚል የአሠራር ልማድ ይለወጣል።

መከራከሪያው ገና ከመነሻው ራሱን ያፈርሳል። የጌሙን ድምፅ የዘጉት ወጣቶች በዝምታ አልተጫወቱም፤ የስታዲየሙን ጩኸት አስወጥተው በምትኩ የሠፈራቸውን ድምፅ አስገቡ እንጂ። የማያስፈልግ ነገር አልጣሉም፤ የእነርሱ ያልሆነውን ድባብ የእነርሱ በሆነው ለወጡ። ድምፅ ለጨዋታ ግድ ባይሆን ኖሮ መለወጡ ባላስፈለገ ነበር።

ሙዚቃ በጌም ውስጥ ያለው ተግባር በሲኒማ ካለው የተለየ መሆኑ ሊሰመርበት ይገባል። የሲኒማ አቀናባሪ ትዕይንቱ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ አስቀድሞ ያውቃል። በጌም ግን ጊዜው በተጫዋቹ እጅ ነው፤ አንዱ በር ላይ አሥር ሴኮንድ ይቆማል፣ ሌላው አሥር ደቂቃ። ስለዚህ ሙዚቃው የተጫዋቹን ድርጊት እየተከተለ መርዘም፣ መፍጠን፣ ዝም ማለትም ይኖርበታል። ጃፓናዊው ቶሞሂሮ ኒሺካዶ እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣው «ስፔስ ኢንቬደርስ» ሙዚቃ ሊባል የሚችለው አራት ወፍራም ድምፆች መመላለሳቸው ብቻ ነው፤ ነገር ግን የጠላት ቁጥር እያነሰ ግስጋሴው ሲፈጥን የድምፆቹም ምት አብሮ ይፈጥናል። በ1985 የወጣው «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» የቀረው ጊዜ ሲያጥር የኮጂ ኮንዶን ዜማ ያጣድፈዋል። በ2005 የወጣው «ሻዶው ኦቭ ዘ ኮሎሰስ» በተቃራኒው ፈረሰኛው ሰፊውን ምድር ሲያቋርጥ በአብዛኛው ነፋስና ኮቴ ብቻ ያሰማል፤ ግዙፉ ፍጡር ሲገጥመው የኮው ኦታኒ ሙዚቃ ይነሣል። ድባብ ማለት ይኸው ነው፤ ተጫዋቹ ማንም ሳይነግረው አደጋን፣ ብቸኝነትንና ዕፎይታን ማወቁ ነው።

ይህ ዕውቀት ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ሲገባ ያለቀለት ዘፈን ይዞ አይገባም፤ የታዳሚውን ፊት እያየ፣ የተወረወረለትን ግጥም እየተቀበለ፣ የቀዘቀዘውን እያሞቀ ይሄዳል። በልጆች ድብብቆሽም ፈላጊው እንደ አውራ ዶሮ «ኩኩሉ» ሲል ተደባቂዎቹ ገና እንዳልነጋ ይመልሱለታል፤ በዚያ ጥሪና ምላሽ ብቻ በጠራራ ፀሐይ ግቢው ውስጥ ሌሊት ይፈጠራል። ያለ አንዳች መሣሪያ፣ በድምፅ ብቻ ድባብን መፍጠርና የጨዋታን ደንብ መምራት ይሉታል ይህ ነው። ዛሬ በኮምፒዩተር የሚሠራው ተለዋዋጭ ሙዚቃ የሚፈልገው ችሎታ በአዝማሪ ቤትና በልጆች ግቢ ሲሠራበት የኖረው ነው።

«ኩኩሉ» የሚለውን ስም አዲስ አበባ የሚገኘው ቅኔ ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2018 ለስልክ ጌሙ ሰጥቶታል፤ ጌሙ ከአሳዳጇ የምታመልጥ ዶሮ ሩጫ ነው። ያው ድርጅት ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቷል። የአገር ጨዋታና የአገር ስም ለጌም መሠረት ሊሆኑ እንደሚችሉ በተግባር ታይቷል። ለተከታዮቹ ሠሪዎች የሚቀርበው ጥያቄ ታዲያ፣ በአገር ሥዕል የተሠራው ምድር በማን ድምፅ ይኑር? የሚል ነው። የጎጃም ተራራ ተሥሎ ለየትኛውም ምድር እንዲሆን ተብሎ በተዘጋጀ ሙዚቃ ሲታጀብ፣ ዓይን ጎጃም ይደርሳል፣ ጆሮ ግን የትም አይደርስም።

በበጎ ፈቃድ የሚፈጸም ስሕተትም አለ። ማናቸውንም ትዕይንት በማሲንቆ ወይም በበገና ቀብቶ «ባህላዊ ነው» ማለት ከባዕዱ ሙዚቃ ያልተሻለ ልጠፋ ነው። እያንዳንዱ የአገር መሣሪያ ሥፍራና ሰዓት አለው። አሥር አውታር ያለው በገና የጾምና የጸሎት ድምፅ ነው፤ ዋሽንት የእረኛ፣ ነጋሪት የዐዋጅ ነው። በገናን ለማሳደድ ትዕይንት የሚያውል ሠሪ ባህልን አላከበረም፤ አላወቀውም እንጂ። ቅኝቶችም እንዲሁ ናቸው፤ ድምፆቹ የሚጠጋጉበት አንቺ ሆዬ የሚፈጥረው ውጥረት ከትዝታ ናፍቆት ይለያል፣ ባቲና አምባሰልም የየራሳቸው ስሜት አላቸው። ከአንዱ ቅኝት ወደ ሌላው መሸጋገር ብቻውን ተጫዋቹን ከቤት አውጥቶ ከበረሃ ሊያደርሰው ይችላል።

የውጭ ሠሪዎች የዚህን ጥቅም ቀድመው ዐውቀዋል። በሶቪየት ኅብረት የተፈለሰፈው «ቴትሪስ» እ.ኤ.አ. በ1989 በጌም ቦይ ሲወጣ የታጀበው «ኮሮቤይኒኪ» በተባለው የሩሲያ ዘፈን ነበር። ክሪስቶፈር ቲን በ2005 ለ«ሲቪላይዜሽን 4» በስዋሂሊ ቃላት ያቀናበረው «ባባ የቱ» በ2011 የግራሚ ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው የቪዲዮ ጌም ሙዚቃ ሆኗል። «ሲቪላይዜሽን 6» ደግሞ በ2020 ኢትዮጵያን በዳግማዊ ምኒልክ መሪነት አስገብቷል። በዚህ ጌም የየአገሩ ዜማ በጥንቱ ዘመን በጥቂት መሣሪያዎች ይጀምርና ዘመኑ በገፋ ቁጥር ወደ ሙሉ የአውሮፓ ኦርኬስትራ ያድጋል። ጥረቱ ቢደነቅም በውስጡ የተሸሸገው ሐሳብ ሊነቀፍ ይገባል፤ የአገር መሣሪያ የትናንት ነው፣ ሥልጣኔ ማለት ኦርኬስትራ ነው ይላልና። ሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎንን ከአገር ቅኝት ጋር ያዋሐደበት ሥራ ለዚህ ሐሳብ በቂ መልስ ነው። ይኸው ሙዚቃ በ2005 የጂም ጃርሙሽን «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልም ያጀበው የጥንት ቅርስ ሆኖ ሳይሆን ሕያው ድባብ ሆኖ ነው።

«ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» የሚለው መከራከሪያ ክብደት ያለው ቢመስልም መሠረቱ የላላ ነው። ተለዋዋጭ ሙዚቃ ብዙ ተጫዋቾችን አይጠይቅም። አንድ ክራር፣ አንድ ማሲንቆና አንድ ከበሮ በአንድ ቅኝትና በአንድ ምት ለየብቻቸው ከተቀረጹ፣ ፕሮግራሙ እንደ ሁኔታው ይደራርባቸዋል ወይም ይቀንሳቸዋል፤ ሰላም ሲሆን ክራሩ ብቻ፣ አደጋ ሲቃረብ ከበሮው ይጨመራል። ለዚህ የሚያገለግሉት እንደ ኤፍሞድና ዋይዝ ያሉ ፕሮግራሞች ለአነስተኛ ሠሪዎች ያለ ክፍያ የሚፈቀዱበት ሥርዓት አላቸው። የጎደለው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የሙዚቃ ባለሙያውና ፕሮግራመሩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በአንድ ጠረጴዛ አለመቀመጣቸው ጭምር ነው።

በመሆኑም ኃላፊነቱ የጌም ሠሪው ብቻ አይደለም። የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች ርዝመቱ ያልተወሰነ ሙዚቃን ማቀናበር እንደ አንድ ትምህርት ሊሰጡት ይገባል። የባህል ተቋማት የአገር መሣሪያዎችን ድምፅ አስቀርጸው ለሠሪዎች የሚደርስበትን መንገድ ያብጁ። ድምፁ የተቀረጸው ባለሙያም በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀለት መብት ሊከበርለት፣ ስሙም በጌሙ ላይ ሊሠፍር፣ ከገቢውም ድርሻው ሊደርሰው ይገባል፤ አለዚያ ባህልን ማሳደግ የተባለው ባህሉን ተሸክሞ ያኖረውን ሰው መዝረፍ ይሆናል።

ምሽት፣ ፍርሃትና ናፍቆት ምን ዓይነት ድምፅ እንዳላቸው አንድ ሕፃን የሚማረው በጨዋታ ነው። ቀድሞ ይህን ያስተማረው የሠፈሩ ግቢ ነበር፤ ዛሬ ከግቢው ጋር ስልኩ ያስተምረዋል። የልጁን ጆሮ የሚኰተኩተው የአገሩ ሙዚቀኛ ወይስ ልጁን ፈጽሞ ያላሰበ የሙዚቃ ሱቅ ይሁን የሚለው ውሳኔ ጌሙ አልቆ ለገበያ ከወጣ በኋላ አይወሰንም፤ የመጀመሪያው መሥመር ሲጻፍ ይወሰናል።