የተማሪ ኖት የማን ነው?

የእህቴ ልጅ የሒሳብ ተማሪ ናት። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ፣ እሷ ላቴክ በሚባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ቀመሩን እኩል ትተይባለች። ክፍለ ጊዜው ሲያበቃ ንጹሕ ኖት ለጓደኞቿ በነፃ ትልካለች። በቅርቡ አንድ መምህር «ትምህርቴን ያለፈቃዴ አትበትኚ» ብሎ ቢቆጣት ምክር ፍለጋ ወደ እኔ መጣች።

ሕጉ ለመምህሩ ያደላ ይመስላል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሌክቸርንም ከሥራዎች መካከል ይቆጥራል። ሐሳብን ግን አይጠብቅም። የመምህሩን አነጋገር ቃል በቃል ማባዛት አንድ ነገር ነው፤ ተረድቶ በራስ ቃል መጻፍ ግን ሌላ ነው። የሒሳብ ቀመርማ የማንም ንብረት አይደለም።

እኛም ብንሆን የጎበዝ ተማሪ ደብተር ይዘን ፎቶ ኮፒ ቤት ተሰልፈናል። የከሰሰን አልነበረም። ዛሬ የተለወጠው ፍጥነቱና ስፋቱ ነው፤ ስህተትም አብሮ ይሰራጫል።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። የስዊዘርላንዱ የቋንቋ ሊቅ ፈርዲናንድ ደ ሶሱር እ.ኤ.አ. በ1913 ሲሞት ስመ ጥር ያደረጉትን ሌክቸሮች አላሳተመም ነበር። በ1916 የወጣው መጽሐፍ በአብዛኛው ከተማሪዎቹ ደብተር የተሰበሰበ ነው።

ለልጅቱ «ፈቃድ ጠይቂ፣ የመምህሩን ስም ጥቀሺ፣ ስህተቱ የአንቺ መሆኑን ጻፊ» አልኳት። ዩኒቨርሲቲዎቻችንስ? ተማሪና መምህር ከመካሰሳቸው በፊት ግልጽ ደንብ ቢያወጡ ይሻላል።